የቆመ መኪና የሚሰጠው ምስክርነት

ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው ጐዳና መካከል፣ አምስት ኪሎ ላይ፣ ሁለት ተቋሞች ተቀራርበው ይገኛሉ። አንደኛው ብሔራዊ ሙዚየም ነው፤ ሁለተኛው በ1945 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ ወራሽ፣ የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። የመጀመሪያው ሥራ ያለፈውን እንዳለ ማቆየት ሲሆን፣ የሁለተኛው ሥራ አዲሱን መፍጠርንና የተበላሸውን መጠገንን ማስተማር ነው። ሁለቱ ዓላማዎች አንዱ ከሌላው ጋር የማይገናኝ መስለው ለረጅም ዘመን ጐን ለጐን ኖረዋል። ይሁን እንጂ ሁለቱም በአንድ ዕቃ ላይ እጃቸውን ሊያሳርፉ የሚገባበት ጊዜ አለ። ያ ዕቃ አሮጌ መኪና ነው።

ለብዙ ዓመታት በዛፍ ሥር ወይም በግቢ ጥግ ቆሞ የኖረ መኪና ሲገኝ ሁለት ፍርዶች ይሰጡበታል። የሙዚየሙ ሰው «አትንኩት፤ እንዳለ ይቀመጥ» ይላል። የጋራዡ ሰው ደግሞ «ስጡኝ፤ ከፋብሪካ እንደ ወጣ አድርጌ አስረክባችኋለሁ» ይላል። ሁለቱም ለመኪናው በማሰብ የተነገሩ ናቸው። ነገር ግን የመጀመሪያው ፍርድ በቃሉ ከተፈጸመ ብረቱ በዝገት ያልቃል፤ ሁለተኛው በቃሉ ከተፈጸመ ደግሞ መኪናው ይድንና ታሪኩ ይጠፋል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ፣ መኪና በዚህ አገር ያሳለፈውን ዘመን መለስ ብሎ መመልከት ያሻል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» ተብለው ካልተለዩ በቀር ዓመታቱ የተሰጡት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

፩. ከሲድሌይ እስከ ኤንትሬ

በአዲስ አበባ የመጀመሪያው አውቶሞቢል የታየው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለውን መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ በረሃውንና ዳገቱን ለወራት ታግሎ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ አደረሰ። ብዙ ሳይቆይም አርኖልድ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ናኬ የተባለውን የአገሩን ሥሪት ይዞ ገባ። በዚያን ጊዜ የምድር ባቡሩ ሐዲድ ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ሁለቱ መኪናዎች የመጡት የመኪና መንገድ ሳይኖር ነው ለማለት ይቻላል። ከእነርሱም ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው፣ በእንፋሎት የሚሠራው የመንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ በሕዝብ አፍ ገብቶ ነበር።

እነዚህ የመጀመሪያ ማሽኖች በሕዝብ ትዝታ ውስጥ የቀሩት በአብዛኛው በስማቸውና በዝናቸው ነው። ዝና ግን የማይነግረው ብዙ ነገር አለ። በቆላ የተስማማው ሞተር ደጋ ሲደርስ እንዴት እንደ ተስተካከለ፣ የተሰበረው ክፍል በማን እጅና በምን ዓይነት ብረት እንደ ተቀጠለ፣ ጎማው ሲያልቅ በምን እንደ ተተካ ከወሬ አይገኝም። ይህን የሚናገረው ብረቱ ራሱ ነው። ብረቱ ከሌለ፣ ወይም ኖሮ ከተለወጠ፣ ጥያቄው መልስ አያገኝም።

መኪና የቤተ መንግሥት ብርቅ መሆኑ ቀርቶ የአገር መጓጓዣ ወደ መሆን በፍጥነት የተሻገረው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነበር። ወራሪው ጦር በሺህ የሚቆጠሩ የጭነት መኪናዎችን አስገባ፤ ከእነርሱም ጋር ጋራዡ፣ የመለዋወጫው መጋዘንና መካኒኩ መጡ። ወራሪው በተባረረ ጊዜ ማሽኖቹና ቃላቱ ቀሩ። የአራዳው ገበያ አካባቢ «ፒያሳ» የሚለውን ስሙን ያገኘው በዚያው ዘመን ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ላሜራ፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ የሚሉትም ቃላት እስከ ዛሬ ድረስ የአዲስ አበባ መካኒክ የሥራ ቋንቋ ሆነው ይኖራሉ። «ትሬንታ ኳትሮ» የተባለው የፊያት የጭነት መኪና፣ ኋላም በአሰብ መንገድ ስመ ጥር የሆነው «ኤንትሬ»፣ ስማቸውን ከአምራቹ የሞዴል ቁጥር ወስደው አማርኛ የሆኑ ናቸው።

በእነዚያ ጋራዦች ያደገው ጥበብ ያለውን አብቃቅቶ ማንቀሳቀስ ነበር። መለዋወጫ ከባሕር ማዶ እስኪደርስ ወራት ስለሚፈጅ፣ መካኒኩ ከአንዱ መኪና ነቅሎ ለሌላው ያውላል፤ ያልተገኘውን ቡሎን ቶርኖ ቤት ያስቀርጻል፤ ላሜራ ቀጥቅጦ የተጨረማመተውን ክንፍ በአዲስ ይተካል። የዚህ ጥበብ ዓላማ መኪናው ነገ ጠዋት እንዲሄድ ማድረግ እንጂ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ምን ይመሰክራል ብሎ መጨነቅ አልነበረም። በጊዜውም ትክክል ነበር። ጥያቄው የሚነሣው ያው ጥበብ፣ ያው ልማድ፣ ዛሬ በታሪካዊ መኪና ላይ ሳይመረመር ሲሠራበት ነው።

፪. የመንገዱ ለውጥና የቮልስዋገን ዘመን

ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ተሽከርካሪዎች ከመንገዱ ግራ ወደ ቀኝ ተሻገሩ። ይህ ቀን በመኪናዎች አካል ላይ የራሱን አሻራ ሊተው የሚችል ነው። የአውሮፓ መኪናዎች የፊት መብራት እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ዝቅ ተደርጎ ሲበራ የመንገዱን ዳር ከመሐሉ አርቆ እንዲያሳይ ሆኖ መሠራት ጀምሮ ነበር። ይኸውም የሚደረገው በመስተዋቱ ላይ በሚቀረጹት መስመሮች ነው፤ በግራ ለሚነዳ አገር የተሠራው ብርሃኑን ወደ ግራ፣ በቀኝ ለሚነዳ የተሠራው ወደ ቀኝ ያነሣል። መሪው በስተቀኝ የሆነ ወይም የመብራቱ መስተዋት ለግራ መንገድ የተቀረጸ አሮጌ መኪና ቢገኝ፣ አላዋቂ አዳሽ «የተሳሳተ ዕቃ ነው» ብሎ አውጥቶ ይጥለዋል። ለሚያውቅ ሰው ግን ያ መስተዋት መኪናው ከ1956 ዓ.ም. በፊት በዚህ አገር መንገድ ላይ ሊኖር እንደሚችል የሚጠቁም ሰነድ ነው።

በእነዚያው ዓመታት የአዲስ አበባ ጐዳና የሁለት ትናንሽ መኪናዎች ጐዳና እየሆነ ሄደ። አንደኛዋ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ በታክሲነት የምትታወቀው ፊያት 600 ስትሆን፣ ሁለተኛዋ የከተማው ሰው «ቮልስ» የሚላት ቮልስዋገን ናት። ቮልስዋገን ለደጋው አገር የተመቸችበት ምክንያት ከአሠራሯ ይገኛል። ከኋላ የተቀመጠው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ በረጅም ዳገት ላይ የሚፈላ ውሃም፣ የሚያፈስ ራዲያተርም የለውም። የሞተሩ ክብደት በሚያሽከረክሩት ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ በጭቃና በኮረኮንች መንገድ ጎማዋ በቀላሉ አይንሸራተትም። አሠራሯም ቀላል ስለሆነ በጥቂት ቁልፍ ተፈትታ ትገጠማለች። የዚህች መኪና ምርት በሜክሲኮ ፑዌብላ ከተማ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ሲያበቃ በዓለም ላይ በጠቅላላው 21,529,464 ተሠርታ ነበር።

ይህን ያህል የበዛች መኪና በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ አንድ ቀን ብቻዋን ቆማ ታይታለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው መውረዳቸው ከተነበበላቸው በኋላ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስዋገን ተሳፍረው ነበር። ለ25ኛው የዘውድ በዓል በ1948 ዓ.ም. በተሠራው በዚያ ቤተ መንግሥት ለንጉሠ ነገሥቱ የተሰለፉት ታላላቅ መኪናዎች ቀርተው፣ መምህሩና የመሥሪያ ቤት ጸሐፊው የሚነዳት መኪና የዘመን መለያ ምልክት ሆነች። ከዚያ ቀን ወዲህ የኢትዮጵያን የመኪና ታሪክ የሚጽፍ ሰው በቤተ መንግሥት ግቢ ያሉትን ብቻ ቆጥሮ ሊያቆም አይችልም። በሰፈር ግቢ የቆመችውም ቮልስ ከዚያው ታሪክ ድርሻ አላት።

፫. «ኦርጅናል» ማለት ምን ማለት ነው?

የኢትዮጵያ መኪናዎች መንገድ በቀየሩበት በዚያው ሰሞን፣ በግንቦት ወር 1956 ዓ.ም.፣ የብዙ አገሮች አርክቴክቶችና የሐውልት ጥበቃ ሊቃውንት በቬኒስ ተሰብስበው ስለ ታሪካዊ ሕንፃዎች እድሳት አንድ ቻርተር አጽድቀዋል። የቻርተሩ ዋና ሐሳብ በሦስት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል። እድሳት ግምት በሚጀምርበት ስፍራ መቆም አለበት፤ የጎደለውን የሚተካ አዲስ ክፍል ከጠቅላላው ጋር ተስማምቶ ሳለ ከጥንቱ ተለይቶ መታወቅ አለበት፤ ልዩ ልዩ ዘመናት በሕንፃው ላይ የጨመሩት ተገቢ ሥራም መከበር አለበት። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ይህንኑ መንፈስ ወደ መኪና አምጥቶ የቱሪን ቻርተር የተባለውን አጸደቀ። በዚህ ቻርተር መሠረት መጠበቅ፣ መንከባከብና ማደስ ሦስት የተለያዩ ደረጃዎች ናቸው፤ ማደስ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም።

እነዚህ መርሖች ከውጭ የመጡ ቢመስሉም ለዚህ አገር ባዳ አይደሉም። የብራና መጽሐፍ የሚጽፉ አባቶች ቆዳው ሲፋቅ ቀዳዳ ቢወጣበት በክር ይሰፉታል እንጂ እንዳልተቀደደ ለማስመሰል አይደክሙም፤ ስፌቱ ከጽሑፉ ጐን እንደ ታየ ለመቶ ዓመታት ይኖራል። የተሰነጠቀ ቅልም እንደዚሁ ይሰፋል። ጥገናው ራሱን አይደብቅም፤ ዕቃውም በመጠገኑ አያፍርም።

አምስት ኪሎ ላይ ካለው ሙዚየም የሚገኘው ምሳሌ ከዚህም የቀረበ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ከወጡ ከሁለት ወር ተኩል በኋላ፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በአፋር ምድር ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ ከአጽሟ የተረፈላት 40 በመቶ ያህሉ ነው። ጎብኝ ከሚያያቸው ቅጂዎች መካከል በጀርባው የተኛው፣ የተገኙትን አጥንቶች በየስፍራቸው አስቀምጦ ያልተገኙትን ባዶ ይተዋል። ቆሞ የሚታየው ደግሞ ሙሉ ቁመናዋን ለማስረዳት የተሟላ ነው። እውነተኞቹ አጥንቶች በጥንቃቄ ተጠብቀው ይኖራሉ። የተገኘው፣ የተገመተውና ለማሳያ የተሠራው ሦስቱም ቦታቸው ተለይቷል። ተመልካቹም አልተታለለም።

ወደ መኪናው ሲመለሱ፣ «ኦርጅናል» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ተሸክሞ ይገኛል። አንደኛው መኪናው ከፋብሪካ በወጣበት ቀን የነበረው ሁኔታ ነው። ሁለተኛው መኪናው በኖረበት አገር፣ በባለቤቶቹና በመካኒኮቹ እጅ ያገኘው መልክ ነው። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ብቻ ይፈለጋል፤ ሁለተኛው እንደ ቆሻሻ ይታጠባል።

ልዩነቱን በአንድ የቴክኒክ ነገር ማሳየት ይቻላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተሩ በአንድ ዙር የሚስበው አየር ያንሳል፤ በፋብሪካው መዝገብ 34 የፈረስ ጉልበት ያለው የቮልስዋገን ሞተር እዚህ ወደ 26 ገደማ ይወርዳል። በካርቡራቶሩ የነዳጅ ማስተላለፊያ ቀዳዳ የሚያልፈው ቤንዚን ግን በአየሩ ልክ አይቀንስም። በዚህ ምክንያት ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ጭስ ማውጫው ይጠቁራል፤ ካንዴላው ጥቀርሻ ይይዛል፤ ፍጆታውም ይጨምራል። መፍትሔው ቀዳዳው ጠበብ ያለውን መግጠም ነው። በአሮጌ ቮልስ ካርቡራቶር ውስጥ ቁጥሩ ከፋብሪካው መመሪያ ያነሰ ቀዳዳ ሲገኝ፣ ያ አንድ መካኒክ ችግሩን ተረድቶ የሰጠው መልስ ነው። መመሪያውን ብቻ ተከትሎ «ኦርጅናሉን» የሚመልስ ሰው የጀርመኑን መሐንዲስ አክብሮ የኢትዮጵያዊውን ይሰርዛል። ሞተሩም በደንብ አይሠራለትም።

፬. ሥራው እንዴት ይከናወናል?

እንበል፣ አንዲት ቮልስዋገን በአንድ ግቢ ውስጥ ለ20 ዓመት ቆማለች። ጎማዎቿ ተንፍሰው መሬት ነክተዋል፤ ቀለሟ ደብዝዟል፤ ሞተሯ አልተነሣም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው መሣሪያ ቁልፍና መዶሻ ሳይሆን ፎቶግራፍ ማንሻና መዝገብ ነው። መኪናዋ ከቆመችበት ሳትነሣ ከየአቅጣጫው ትነሣለች፤ በውስጧ የተገኘው ሁሉ፣ የነዳጅ ደረሰኝም ቢሆን፣ በዝርዝር ይመዘገባል። ከኋላ ወንበር ሥር ባለው የወለል ብረት ላይ የተመታው የሻንሲ ቁጥር፣ በሞተሩ አካል ላይ ከዲናሞው መቀመጫ ግርጌ ያለው የሞተር ቁጥር፣ እንዲሁም በሊብሬው የተጻፈው ሁሉ ይነጻጸራል። ቁጥሮቹ ባይስማሙ ሞተሩ በአንድ ወቅት ተለውጧል ማለት ነው፤ ይህም ጉድለት ሳይሆን የታሪኳ አንድ ምዕራፍ ነው። በጀርመን ዎልፍስቡርግ የሚገኘው የቮልስዋገን ሙዚየም በሻንሲው ቁጥር መነሻነት መኪናዋ የተሠራችበትን ቀን፣ የመጀመሪያ ቀለሟንና የተላከችበትን አገር የሚገልጽ የልደት ምስክር ወረቀት ይሰጣል።

ቀጥሎ ቀለሙ ይመረመራል። የአዲስ አበባ የእድሳት ልማድ ቀለሙን እስከ ላሜራው ድረስ ፍቆ፣ ጎርባጣውን በስቱኮ ሞልቶ፣ በሚያብረቀርቅ አዲስ ቀለም መሸፈን ነው። በአንድ ቀን የሚፈጸመው ይህ ሥራ የ50 ዓመት ሰነድ ያጠፋል። ከዚህ ይልቅ በማይታይ ስፍራ፣ ለምሳሌ በበሩ የውስጥ ጠርዝ፣ የጣት ጥፍር የምታክል ቦታ በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት በውሃ ቀስ እያሉ ቢፈትጉ፣ ቀለሞቹ አንዱ ከሌላው ሥር እንደ ቀለበት ይወጣሉ። አርኪዮሎጂስት የመሬትን ንብብር እንደሚያነብ፣ መሐንዲሱም የባለቤቶቹን ቅደም ተከተል ከዚያ ያነባል። በአንዲት ፊያት 600 ላይ ሰማያዊና ነጭ ቢወጣ፣ መኪናዋ በታክሲነት እንጀራ ያበላች መሆንዋ ታወቀ ማለት ነው። የመጀመሪያው ቀለም ከሥር ደህና ሆኖ ከተገኘ በለዘብተኛ ሳሙና ታጥቦ፣ በሰም ተጠብቆ ሊቆይ ይችላል። ቢደበዝዝም እውነተኛ ነው።

የሞተሩ ጉዳይ ትዕግሥት ይጠይቃል። ለዓመታት የቆመን ሞተር ጎትቶ ለማስነሣት መሞከር የብዙ መኪናዎች መጥፊያ ሆኗል። ፒስተኖቹ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቀው ከሆነ፣ ካንዴላዎቹ ወጥተው በየቀዳዳው ሰርሳሪ ዘይት ጠብ ተደርጎ ለቀናት ይተዋል፤ ከዚያም ሞተሩ በእጅ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ወዲያና ወዲህ ይሞከራል። አሮጌው ዘይት ተቀድቶ ወጥቶ ደለሉ ይመረመራል። የነዳጅ ጋኑ ሙጫ ከመሰለው የቤንዚን ዝቃጭ ይጸዳል። ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በመሆኑ፣ አሲዱ ያንኑ የወለል ብረት በልቶት እንደ ሆነ ይታያል፤ በቮልስዋገን ዝገት አስቀድሞ የሚፈለገው በዚህና ከበሮቹ ሥር ባሉት የማሞቂያ ቱቦዎች ነው። የአዲስ አበባ ረጅም የበጋ ወራት ላሜራን ከአውሮፓ ጨዋማ የክረምት መንገድ የተሻለ ያቆየዋል፤ በከፍታው የበረታው ፀሐይ ግን የበርና የመስኮት ጎማዎችን ሰንጥቆ ለክረምቱ ዝናብ መግቢያ ይከፍታል።

መለወጥ ግዴታ የሚሆንበት ቦታ አለ፤ ይህም መሸሸግ የለበትም። ያረጀ የፍሬን ቱቦ በኦርጅናልነቱ ሰውን አያድንም። ጎማም እንደዚሁ ነው። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ኢታኖልን ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ሲጀመር፣ ለንጹሕ ቤንዚን የተሠሩ አሮጌ የጎማ ቱቦዎች ሊለሰልሱና ሊሰነጠቁ እንደሚችሉ የታወቀ ነው፤ ከሞተሩ አጠገብ የሚያፈስ የቤንዚን ቱቦ ደግሞ በቮልስዋገን ላይ የእሳት አደጋ ነው። እነዚህ ያለ ክርክር ይለወጣሉ። ነገር ግን ሦስት ነገሮች መጠበቅ አለባቸው። የወጣው ዕቃ አይጣልም፤ ስሙና የወጣበት ቀን ተጽፎበት በሣጥን ይቀመጣል። የገባው ዕቃ ቀኑ በማይታይ ጐኑ ይመታበታል። ሥራውም ሲያስፈልግ ሊፈታ በሚችል መንገድ ይሠራል፤ በቡሎን ሊያዝ የሚችለው አይበየድም፤ አዲስ ቀዳዳ በአሮጌ ላሜራ ላይ አይበሳም። የመብራቱን ኃይል ከ6 ቮልት ወደ 12 ለመቀየር የሚፈልግ ባለቤትም አስቀድሞ የገመዶቹን መጋጠሚያና የመሬት ማሰሪያውን አጽድቶ ቢሞክር፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቮልቱ ማነስ ሳይሆን የዝገት መሆኑን ያገኘዋል።

፭. የቤተ መንግሥቱ መኪናና የሰፈሩ መኪና

በ1967 ዓ.ም. ጌታቸውን ያጡት የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት መኪናዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ዕጣቸው ተለወጠ። ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ተብሎ የሚጠራው ይኸው ሕንፃ በፈረንሳይ መንግሥት ድጋፍ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ሙዚየም ሆኖ ሲከፈት፣ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መኪናዎችም ለሕዝብ እይታ ቀረቡ። ለዚህ አገር የመኪና ታሪክ ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። መኪና ከአክሊልና ከካባ ጋር በቅርስነት መቆጠሩ ራሱ አዲስ ነገር ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት አድርጎ ሲተረጉም ለማሽንም በሩን አልዘጋም።

የሰፈሩ መኪና ግን ጠባቂ የለውም። ባለቤቱ ሲያርፍ ለብረት ነጋዴ በኪሎ ይሸጣል፤ ወይም ለሠርግ ማጀቢያ በሚያብለጨልጭ ቀለም ተነክሮ፣ ወንበሩ ተቀዶ፣ ሞተሩ በሌላ ተለውጦ ይወጣል። በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ጊዜውን አሳጥረዋል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና መልሷል። ውሳኔው ለነዳጅ ወጪና ለከተማው አየር ያለው ጥቅም የራሱ ክርክር ይኑረው እንጂ፣ ካርቡራቶርና የካንዴላ ሞተር ከእንግዲህ የታሪክ ዕቃዎች የመሆን መንገድ ጀምረዋል ማለት ነው። በዚያው ዓመት በፒያሳና በአራዳ የድሮ ሰፈሮች ፈርሰዋል። ሰፈር ሲፈርስ ግቢው ይፈርሳል፤ ግቢው ሲፈርስ በጥጉ የቆመው መኪና መሄጃ ያጣል፤ በአጠገቡ የነበረው ጋራዥም ይበተናል።

ከመኪናውም ይልቅ በቶሎ የሚያልፈው ሰው ነው። የካርቡራቶርን ድብልቅ በጆሮው ሰምቶ የሚያስተካክል፣ ላሜራን ያለ ስቱኮ በመዶሻ ብቻ የሚያቀና፣ የቱ ቀዳዳ ለየትኛው ከፍታ እንደሚስማማ በልምድ የሚያውቅ መካኒክ ዛሬ ሸምግሏል። እውቀቱ በመጽሐፍ አልሰፈረም። ከእርሱ ጋር አንድ ወር የሠራና የሰማውን የመዘገበ የኢንጂነሪንግ ተማሪ፣ የሚያተርፈው ነገር ከአንድ የታደሰ መኪና ይበልጣል።

ስለሆነም በሙያው ላይ ያሉ ሁሉ ሊፈጽሙት የሚችሉት ሥራ አለ። የከተማው አሮጌ መኪናዎች በቁጥራቸው፣ በቀለማቸውና በባለቤትነት ታሪካቸው ሊመዘገቡ ይችላሉ፤ ለዚህ ገንዘብ ሳይሆን ቅዳሜና እሑድ ይበቃል። ባለቤቱ መኪናውን ለማደስ ሲነሣ ምክር የሚያገኝበት አንድ ገጽ መመሪያ በአማርኛ፣ በጋራዡ ቃላት ሊዘጋጅ ይችላል። የሙዚየሙ ባለሙያ ስለ ንብብርና ስለ ሰነድ የሚያውቀውን፣ የኢንስቲትዩቱ መምህር ስለ ብረት ድካምና ስለ ዝገት ከሚያውቀው ጋር ቢያገናኝ፣ ሽማግሌውም መካኒክ በሁለቱ መካከል ወንበር ቢሰጠው፣ ትምህርቱ ሙሉ ይሆናል።

ለዚያ የሚያስፈልገው ርቀት አጭር ነው። ሁለቱ ተቋሞች ዛሬም እዚያው አምስት ኪሎ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ባለው ጐዳናም አልፎ አልፎ አንዲት አሮጌ ቮልስ ዳገቱን ትወጣለች።